አባታችን የተዉልን አሥራ አንድ አሮጌ መኪኖች፦ ጠግነን እንሽጥ ወይስ እንዳሉ በጨረታ እናቅርባቸው?

የቀረበው ጥያቄ፦ «አባታችን ዕድሜያቸውን በመካኒክነት የኖሩ ሰው ነበሩ፤ ካረፉ ሁለት ዓመት ሊሞላቸው ነው። አዲስ አበባ ባለው ግቢያችን ውስጥ ‹አንድ ቀን አድሳቸዋለሁ› እያሉ የሰበሰቧቸው አሥራ አንድ መኪኖች ቆመዋል፤ ስድስት ቮልስ፣ ሦስት ሰይቼንቶ (ፊያት 600)፣ አንድ ላንድሮቨርና አንድ ፔጆ 404። ከቮልሶቹ የአንዷ የኋላ መስታወት ትንሽና ሞላላ ነው። የሚንቀሳቀስ የለም፤ የአንዳንዶቹ ሞተር ወርዶ መሬት ላይ ተቀምጧል፤ ትናንሹ ዕቃ በጆንያና በጣሳ ታጭቋል። ሊብሬ ያገኘነው ለሰባቱ ብቻ ነው። እናታችን በሕይወት አሉ፤ እኛ አራት ልጆች ስንሆን አንዷ እህታችን ቨርጂንያ ትኖራለች። አንድ ነጋዴ ሁሉንም በአንድ ዋጋ ልውሰድላችሁ ብሎናል። ወንድሜ ደግሞ ሦስቱን አሳጥበንና ቀለም ቀብተን እንሽጥ ይላል። ግቢውን ከመጪው የካቲት በፊት ማስለቀቅ አለብን። ምን ይመክሩናል?»

የባለሙያ ምላሽ

በቅድሚያ ለመላው ቤተሰብ መጽናናትን እመኛለሁ። ዋናውን ነገር መጀመሪያ ልመልስ፤ መኪኖቹን አትጠግኗቸው፣ ቀለም አትቀቧቸው፣ ለነጋዴውም በጅምላ አትስጡት። እያንዳንዷ መኪና ማንነቷ ተረጋግጦ፣ ከራሷ ዕቃ ጋር ተጣምራ፣ ባለችበት ሁኔታ ለየብቻዋ በጨረታ ትቅረብ። የቆመ አሮጌ መኪና የሚገዛ ሰው ገንዘቡን የሚያወጣው ለሁለት ነገር ነው፤ መኪናዋ በእርግጥ ሊብሬው የሚላት መኪና መሆኗን ሲያውቅና ምን እንዳላት፣ ምን እንደጎደላት በዓይኑ ሲያይ። ለእነዚህ ለሁለቱ የምታወጡት ወጪ ይመለሳል፤ ከዚያ ውጭ ያለው ግን፣ በመኪና ዋጋ ግምት ሥራ ላይ ባሳለፍኳቸው ዓመታት እንዳየሁት፣ አብዛኛውን ጊዜ የባከነ ነው።

ወደ መኪኖቹ ከማለፌ በፊት ሻጩ ማን እንደሆነ መጥራት አለበት። «አራት ልጆች ነን» ያሉት የወራሾቹን ቁጥር ነው፤ እናታችሁ ግን ከውርሱ በፊት የራሳቸው ድርሻ አላቸው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በጋብቻ ዘመን የተፈራ ንብረት፣ በአንደኛው ተጋቢ ስም ብቻ ተመዝግቦ ቢገኝ እንኳ፣ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር የጋራ ነው ብሎ ይወስደዋል። ስለዚህ አባታችሁ በጋብቻቸው ዘመን የገዟቸው መኪኖች እኩሌታ የእናታችሁ ሆኖ ይቆያል፤ ውርሱ የሚነካው ቀሪውን ነው። እናታችሁ በጨረታው ቃለ ጉባኤም ሆነ በሽያጩ ውል ላይ ካልፈረሙ ገዢው ያልጸና ንብረት ገዛ ማለት ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 996 የተመለከተውን የወራሽነት ማስረጃ ከከተማው ፍርድ ቤት አውጡ። ቨርጂንያ ያለችው እህታችሁ በዋሽንግተን ባለው ኤምባሲያችን በኩል ውክልና ትስጥ፤ ሰነዱ እዚህ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ ወደ ሰነዶች ማረጋገጫ እስኪደርስ ጊዜ ስለሚወስድ ዛሬውኑ ይጀመር። ውክልናው «ንብረቴን እንዲያስተዳድር» ብቻ ቢል አይበቃም፤ መሸጥን፣ የሽያጭ ውል መፈረምንና ገንዘብ መቀበልን በግልጽ መጥቀስ አለበት። ያሸነፈ ገዢ ገንዘቡን ይዞ ቆሞ በአንዲት የውክልና ቃል ምክንያት ሲመለስ ከአንድ ጊዜ በላይ አይቻለሁ።

ወረቀቱ በየቢሮው እየተጓዘ ሳለ እናንተ በግቢው ውስጥ የቁጥር ምዝገባ ትጀምራላችሁ። ለዚህ የሚያስፈልገው የእጅ ባትሪ፣ ጨርቅና ጥቂት ናፍጣ ብቻ ነው። ቁጥር ያለበትን ቦታ በሽቦ ብሩሽ ወይም በሸካራ ወረቀት አትፈትጉት፤ የተፋቀ ቁጥር፣ ቅን ሰው የፋቀው ቢሆንም፣ በመርማሪ ዓይን የተነካካ ቁጥር ነው። በቮልስ ላይ የሻንሲ ቁጥሩ ከኋላ መቀመጫው ሥር፣ በወለሉ መሐል በሚያልፈው ጉብታ ላይ ተመትቶ ይገኛል፤ ያንኑ ቁጥር የያዘች ትንሽ የብረት ሰሌዳ ደግሞ ከፊት ኮፈኑ ሥር፣ ከተቀያሪው ጎማ ጀርባ ትኖራለች። የሞተሩ ቁጥር ከዲናሞው መቆሚያ ግርጌ ነው። ላንድሮቨሯ «ሲሪስ 2A» የሚባለው ሞዴል ከሆነች የሻንሲ ቁጥሯን በቀኝ በኩል በፊተኛው ባሌስትራ ማሰሪያ ላይ ፈልጉ። ለሰይቼንቶዎቹና ለፔጆዋ እነዚህን መኪኖች በዘመናቸው የሠራ አንድ የቆየ መካኒክ አብሯችሁ ይግባ።

ስለ ቮልስ ትንሽ ልቆይ፤ ከንብረታችሁ ከግማሽ በላይ የሆነው እሱ ነውና። የቮልስ አካል ከወለሉ ጋር የተያያዘው በብሎን ነው፤ አካሉን አንሥቶ በሌላ ወለል ላይ መጫን ለሠለጠነ መካኒክ ከባድ ሥራ አይደለም። ቁጥሩ ግን የሚቀረው ከወለሉ ጋር ነው። ስለዚህ አንዲት ነጭ ቮልስ የሰማያዊዋን ወለል ለብሳ ልትቆም ትችላለች፤ ማንነቷ የሚወሰነውም በቀለሟና በመልኳ ሳይሆን ከመቀመጫው ሥር ባለው ቁጥር ነው። በመካኒክ ግቢ ውስጥ ይህ የተለመደ ስለሆነ ሰባቱን ሊብሬዎች ለመኪኖቹ በግምት አታድሏቸው። እ.ኤ.አ. ከኦገስት 1964 ጀምሮ የተሠሩት ባለ ጣሪያ ቮልሶች ቁጥራቸው ራሱ ይናገራል፤ በ11 ይጀምርና ሦስተኛው አኃዝ የሞዴሉን ዓመት ያመለክታል፤ 115 የ1965፣ 118 የ1968 ሞዴል ነው። ከ1970 ሞዴል ወዲህ የቁጥሩ አኃዞች ብዛት ከዘጠኝ ወደ አሥር ከፍ ብሏል። በሞተሩ ቁጥር መነሻ ላይ ያለው የላቲን ፊደልም ይረዳል፤ በዚያ ዘመን ሞተሮች ላይ «ዲ» የ1200፣ «ኤፍ» የ1300፣ «ኤች» የ1500 ሲሲ ምልክት ነው። የሊብሬውና የሻንሲው ዓመት በአንድ ቢለያይ አትደንግጡ፤ የፋብሪካው የሞዴል ዓመት የሚጀምረው ካለፈው ዓመት ኦገስት ስለሆነ ልዩነቱ ብዙ ጊዜ ከዚያ ይመጣል። የአንድ አኃዝ የጽሑፍ ስሕተት ግን ከጨረታው በፊት በመዝጋቢው መሥሪያ ቤት ታርሞ ማለቅ አለበት።

አሁን ወደዚያች የኋላ መስታወቷ ትንሽና ሞላላ ወደሆነችው ልምጣ። እንዲህ ያለው መስታወት የተገጠመው እ.ኤ.አ. ከማርች 1953 እስከ 1957 አጋማሽ ድረስ በተሠሩት ቮልሶች ላይ ብቻ ነው፤ ከዚያ በፊት የነበሩት ለሁለት የተከፈለ መስታወት፣ ከዚያ በኋላ የመጡት ደግሞ ሰፋ ያለ አራት ማዕዘን መስታወት አላቸው። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በጁላይ 2003 ሜክሲኮ ፑዌብላ ላይ የመጨረሻዋን እስኪያወጣ ድረስ ከ21.5 ሚሊዮን በላይ ቮልሶች ተሠርተዋል፤ ሞላላ መስታወት ያላቸው ከእነዚህ ውስጥ ጥቂቶቹ ናቸው። የሻንሲ ቁጥሯ ከ455 ሺህ አካባቢ እስከ 1.6 ሚሊዮን አካባቢ ባለው ውስጥ ከወደቀ ወለሉም የዚያው ዘመን ነው። ቀጥሎ የበሩን ምሰሶ እዩ፤ ብልጭ በሚል መብራት ፈንታ እንደ ክንድ ወጥቶ የሚታይ ፍሬቻ የሚደበቅበት ቀጭን ስንጥቅ ካለ፣ በስቱኮ ተደፍኖ ቢሆንም እንኳ፣ ለገዢ ትልቅ ምስክር ነው። ይህችን መኪና ማንም በችኮላ እንዳይጎትታት፤ መስታወቷ ሳይሰበር ይሸፈን፤ ከእርሷ የወረደ አንዲት ብሎን እንኳ ቢሆን ለብቻው ይቀመጥ። ነጋዴው ሁሉንም በአንድ ዋጋ ለመውሰድ የጠየቀው እርሷን አይቶ ሊሆን እንደሚችል ልነግራችሁ ይገባል።

እዚህ ላይ የጅምላ ዋጋ ለምን እንደሚጎዳችሁ ከታወቀ ጉዳይ ላሳይ። በምዕራብ ፈረንሳይ አንድ የጭነት ማመላለሻ ባለሀብት በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የሰበሰቧቸው መኪኖች በየዳሱ ሥር አሥርት ዓመታት ከቆሙ በኋላ፣ አርኪዩሪያል የተባለው አጫራች ድርጅት እ.ኤ.አ. በፌብሩወሪ 2015 ፓሪስ ላይ አቀረባቸው። የባዮን ስብስብ በመባል የሚታወቁት 59 መኪኖች በድምሩ ከ25 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ሲያወጡ፣ ከዚህ ውስጥ 16.3 ሚሊዮኑ የአንዲት ፌራሪ ዋጋ ነበር። የእናንተ ግቢ ከዚያ ጋር በገንዘብ አይነጻጸርም፤ የሀብቱ አቀማመጥ ግን አንድ ዓይነት ነው። በእንዲህ ያለ ስብስብ ዋጋው በአንዲት ወይም በሁለት መኪኖች ላይ ይከማቻል፣ የተቀሩት ያጅባሉ። በጅምላ የሚገዛ ሰው ለሁሉም የአጃቢዎቹን ዋጋ ይከፍላል።

ያው ጨረታ ለወንድምዎ ሐሳብም መልስ ይሰጣል። መኪኖቹ ለጨረታ የቀረቡት ከነአቧራቸው፣ ከነዝገታቸው ነበር፤ ገዢዎቹም የፈለጉት ያንኑ ነው። አሮጌ ቀለም፣ የተሰነጠቀም ቢሆን፣ ከሥሩ ምን እንዳለ ያሳያል፤ አዲስ ቀለም ግን ይደብቃል። ልምድ ያለው ገዢ በቅርብ የተቀባ የቆመ መኪና ሲያይ «ስቱኮው ስንት ጣት ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ የባታላሜራውን ሥራ እንደገና ማስፈታት ሊኖርበት ስለሚችልም ያንን ከዋጋው ላይ ይቀንሳል። የቮልስ ወለል በተለይ ከባትሪው ሥር፣ ማለትም ከኋላ መቀመጫው በታች በቀኝ በኩል፣ በአሲድ ይበላል፤ የጎን ሳጥኖቹም ከታች ይዝጋሉ። እነዚህን በክፍት አሳዩ። ላንድሮቨሯ አካሏ አሉሚኒየም ስለሆነ ጤነኛ ትመስላለች፤ ሻንሲዋ ግን ብረት ነው፤ በተለይ የኋላውን ተሻጋሪ ብረት በመዶሻ ቀስ ብሎ መታ መታ አድርጎ ድምፁን መስማት ከማንኛውም ቀለም ይበልጣል። በፓምፕ ውኃ ማጠብንም ለጊዜው ተዉት፤ ወረቀት፣ የፋብሪካ ተለጣፊና የቁጥር ሰሌዳ አብሮ ሊሄድ ይችላል።

አንድ ሥራ ግን ሥሩ፤ ሞተሮቹ በእጅ ይዞሩ እንደሆነ አረጋግጡ። ካንዴላዎቹን ፈትታችሁ በየሲሊንደሩ ቀጭን ዘይት ጨምሩ፣ ጥቂት ቀናት ጠብቁ፣ ከዚያም በቁልፍ ቀስ ብላችሁ ለማዞር ሞክሩ። እምቢ ካለ ኃይል አትጨምሩ፤ «አይዞርም» ብላችሁ ጻፉ። ባትሪ አስራችሁ ለማስነሣት ከመሞከር ግን ተቆጠቡ፤ ለዓመታት በቆመ ሞተር ላይ የአንድ ደቂቃ ጉጉት ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) እና ሲሊንደር ይጨርሳል፤ የደረቀ የነዳጅ ጎማ ደግሞ እሳት ያስነሣል።

ከሁሉም ሥራ አድካሚው የዕቃው መለየት ነው፤ ገንዘብ የሚተኛውም እዚያ ነው። ከዓመታት በፊት ያማከርኩት አንድ ቤተሰብ ግቢውን ለማጽዳት ብሎ ሦስት ጆንያ «ዝገት» ለቆራሌ ሸጠ፤ በውስጡ የሁለት መኪኖች የመብራት ቀለበት፣ የበር እጀታና ሙሉ ካርቡራተር ነበር። ቀድሜ አላስጠነቀቅኳቸውምና ጥፋቱ የእኔም ነው፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ስለዚህ ከጨረታው በፊት ከግቢው ምንም አይውጣ። አንድ ሸራ ዘርግታችሁ ዕቃውን በዓይነት ደርድሩ፤ በመካኒኩ እርዳታም የየትኛዋ መኪና እንደሆነ መልሱ። የቮልስ ዕቃ ሁሉ አንድ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. ከኦገስት 1967 በፊትና በኋላ የተሠሩት ፓራውርታቸውና የፊት ፓራፋንጓቸው ይለያያል፤ የቆዩት በ6 ቮልት፣ የኋለኞቹ በ12 ቮልት ይሠራሉ። የሰይቼንቶዎቹንም ስፖርቴሎ ተመልከቱ፤ እ.ኤ.አ. እስከ 1964 ድረስ የነበሩት ማጠፊያቸው በኋላ በኩል ስለሆነ ከፊት ይከፈታሉ፤ የእነዚያ በር ከኋለኞቹ ጋር አይለዋወጥም። አንድ ጊዜ የአዲስ አበባን ሕዝብ በታክሲነት ያመላለሰች ይህች ትንሽ መኪና ዛሬ ሙሉ ሆና ስትገኝ ብርቅ ናት፤ ሦስቱን እንደ ቁርጥራጭ ብረት አትዩአቸው። ባለቤቱ ያልታወቀ ዕቃ ለብቻው በአንድ ወይም በሁለት ምድብ ይሸጥ፤ ለዚያ የሶማሌ ተራ ነጋዴዎች ጥሩ ተጫራቾች ናቸው። አባታችሁ የጻፉት ደብተር ወይም የዕቃ ደረሰኝ ካገኛችሁ ደግሞ ዋናውን አስቀምጣችሁ የሚመለከተውን ገጽ ቅጂ ለየመኪናው አያይዙት።

ሊብሬ ያልተገኘላቸው አራቱ ሌላ መንገድ አላቸው። በመጀመሪያ በሻንሲ ቁጥራቸውና በሰሌዳቸው መዝገብ ይፈለግ፤ ፋይላቸው ካለ ምትክ ማውጣት ይቻላል፣ የቀረጥ ዲክላራሲዮን ጥያቄም እዚያው ይታያል። በማንም ስም ያልዞሩ ወይም ቀረጣቸው ያልተከፈለ ሆነው ከተገኙ «በመለዋወጫነት የሚሸጥ፤ ሰሌዳ ሊወጣለት አይችልም» ተብሎ በግልጽ ይጻፍ። በዚህ ጊዜ ከሚመጡባችሁ ሰዎች ሁለቱን ለይታችሁ እወቁ። አንደኛው የሞተች መኪናችሁን ትቶ ሊብሬዋን ብቻ ልግዛ ይላል፤ ሁለተኛው ከአንዷ ሊብሬ ለሌላዋ መኪና «እናስማማ» ይላል። ሁለቱም ወደ ወንጀል ምርመራ የሚያደርሱ ናቸው። ሊብሬ ከእጃችሁ የሚወጣው ከመኪናዋ ጋር፣ በሰነዶች ማረጋገጫ ፊት በተፈረመ ውል ብቻ ይሁን።

የመነሻ ዋጋን በተመለከተ፣ ጎረቤት ከዓመታት በፊት የሸጠበትን መለኪያ አታድርጉ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉና ሐምሌ 22 ቀን በዚያው ዓመት ብር በገበያ እንዲመነዘር መደረጉ የአሮጌ መኪናንም የመለዋወጫንም ዋጋ ቀይረዋል። ለእያንዳንዷ ሁለት ዋጋ ያዙ፤ አንዱ ተፈታታ በዕቃ ብትሸጥ የምታወጣው፣ ሌላው ሙሉ መኪና ሆና ለአዳሽ ብትሸጥ የምታወጣው። መነሻው ከመጀመሪያው አይውረድ። የመጨረሻውን ዝቅተኛ ዋጋ እናታችሁና ወራሾቹ ሁሉ በቃለ ጉባኤ ፈርማችሁ በታሸገ ፖስታ አኑሩት፤ በጨረታው ቀን በቤተሰብ መካከል የሚነሣውን ክርክር አስቀድሞ ይዘጋል።

ለአሥሩ የታሸገ ፖስታ ጨረታ እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም የመኪና ነጋዴዎች ይተዋወቃሉ፣ በግልጽ ሐራጅ ላይ «አንተ ይህችን፣ እኔ ያችን» ተባብለው ዝም ሊሉ ይችላሉ። ባለ ሞላላ መስታወቷን ግን በዚያው ቀን ከሁሉም በኋላ በግልጽ ሐራጅ አቅርቧት፤ ዋጋዋ በአገር ውስጥ ተደጋግሞ ያልታየ ስለሆነ ወሰኑን ሊነግራችሁ የሚችለው ፊት ለፊት የሚፎካከሩ ሁለት ወዳጆቿ ብቻ ናቸው። የጨረታ ማስከበሪያውን በመቶኛ ሳይሆን በቁርጥ መጠን ወስኑ፤ በመቶኛ ከሆነ ማስከበሪያ የተያዘበትን ሲፒኦ (የባንክ ክፍያ ማዘዣ) ያየ ሰው ሁሉ የተጫራቹን ዋጋ አሰላ ማለት ነው። በጋዜጣ ከምታወጡት ማስታወቂያ በተጨማሪ ለቮልስ ወዳጆችና ለጋራዦች ፎቶግራፍ አድርሱ፤ ፎቶግራፉ የሻንሲውን ሙሉ ቁጥር አያሳይ፤ ዝገቱን፣ የጎደለውንና ወለሉን ግን ያሳይ።

በጨረታ ሰነዱ ላይ «ባሉበት ሁኔታ» የሚለው ቃል ይግባ፤ ሆኖም የምታውቁትን ጉድለት ለመደበቅ አይከላከልላችሁም፤ እያወቁ መደበቅ ውሉን ሊያስፈርስ ይችላል። የስም ማዛወሪያውን፣ ውዝፍ የቦሎ ክፍያ ካለ እርሱን፣ የመጎተቻና የክሬን ወጪውን ማን እንደሚሸፍን፣ አሸናፊው በስንት ቀን ከፍሎ በስንት ቀን እንደሚያነሣ፣ ካላነሣም ማስከበሪያው ምን እንደሚሆን አንድ በአንድ ይጻፍ። ለጉብኝት ቢያንስ አሥር ቀን፣ በተወሰነ ሰዓት፣ ሁለት የቤተሰብ ሰዎች ባሉበት ፍቀዱ፤ ጎብኚ ቦርሳ ይዞ አይግባ፣ ትናንሽ የመብራትና የዓርማ ዕቃዎች በኪስ ይወጣሉና። ከየካቲት በፊት ግቢውን ለማስለቀቅ ወረቀቱ ጥቅምት ላይ ማለቅ፣ ጉብኝቱም ኅዳር ላይ መሆን አለበት፤ ጨረታው ከታኅሣሥ አጋማሽ ማለፍ የለበትም። ወቅቱም ደረቅ ስለሆነ ከጭቃ ውስጥ መኪና ማውጣት አይኖርም።

ተጫራች ያላገኘች መኪና ካለች ከሁለት ሳምንት በኋላ በቀነሰ መነሻ አንድ ጊዜ ብቻ ድገሙ። እንደገና ካልተሸጠች መካኒኩ መስታወቷን፣ ቸርኬዋን፣ ካምቢዮዋንና በሮቿን አውርዶ በዕቃ ይሸጥላችሁ፤ የቀረው ላሜራ በኪሎ ይሂድ። ሰሌዳዋንና ሊብሬዋን ግን ለቆራሌው አታስረክቡ፤ ለመዝጋቢው መሥሪያ ቤት መልሳችሁ ከመዝገብ መሰረዟን የሚያሳይ ደብዳቤ በእናታችሁ እጅ ይቀመጥ።